ዝቅ ባለ መስኮት ሥር የኪችን ካውንተር፦ አራት መንገዶች ሲነጻጸሩ

እኛ ቤት የወጥ ቤቱ መስኮት ደፍ ከወለሉ 68 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ካውንተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። መሃል ላይ የቀረችው 20 ሴንቲ ሁለት ጊዜ አስፈርሳናለች። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳያፈርስ ብዬ ነው።

አዳማ ውስጥ ይህ የብዙ ቤት ችግር ነው። ድሮ ወጥ ቤት ጓሮ ነበር። ጭሱም፣ ከሰሉም፣ ምጣዱም እዚያ። ዋናው ቤት ውስጥ የነበሩት ሳሎንና መኝታ ክፍሎች ስለሆኑ መስኮታቸው ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ተቀምጦ ደጅ ለማየት ይመቻል፤ በሙቀቱ ጊዜም አልጋው ድረስ ነፋስ ያስገባል። አሁን ቡታጋዙም የኤሌክትሪክ ምጣዱም ወደ ውስጥ ሲገባ ከመኝታ ቤቶቹ አንዱ ኪችን ይሆናል። መስኮቱ ግን የመኝታ ቤት መስኮት እንደሆነ ይቀራል። በዚያ ላይ እድሳት ሲጀመር አሮጌው ሊሾ ላይ ሴራሚክ ይነጠፋል። ሴራሚኩና ማጣበቂያው ተደምሮ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል። የኛም መስኮት መጀመሪያ 72 ነበር፤ 68 የሆነው ከሴራሚኩ በኋላ ነው።

ሰው ሱቅ ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጥቁሩ ግራናይት ስንት ነው?" ብሎ ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን። ድንጋዩ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መወሰን ያለበት መስኮቱን ምን እናድርገው የሚለው ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይም እሱን አስቀድማለሁ።

ከመምረጣችሁ በፊት፦ በምን እንመዝን?

ትልቁ መመዘኛ የምትሠራው ወይም የሚሠራው ሰው ሰውነት ነው። ቤት ውስጥ በምታደርጉት ነጠላ ጫማ ቁሙ። ክርናችሁን እጠፉና ከወለሉ እስከ ክርን ለኩ። ለመክተፍ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ያለ ቦታ ይመቻል። ለማቡካትና ጫን ብሎ ለሚሠራ ሥራ ግን ከ20 ሴንቲ በላይ ዝቅ ቢል ይሻላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከትከሻ ነውና። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ክርኗ 1 ሜትር አካባቢ ነው። ለእሷ መክተፊያው ከ85 እስከ 90፣ ማቡኪያው ደግሞ 75ና ከዚያ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ልብ በሉ፦ ሁለቱ አንድ ከፍታ አይደሉም። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ብርሃንና አየር ነው። ምጣድ ሲጣድ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል። ሽንኩርት ሲቁላላም እንደዚያው። ከመስኮቱ ላይ የምትቀንሱት እያንዳንዱ ሴንቲ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው የኛ ከተማ ጉዳይ ነው፤ ነፋስና አቧራ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ከተማው ከመድረሳችሁ በፊት ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ማማዎች ታያላችሁ። ከነፋሱ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጩ ተብሎ ነው የተተከሉት። ያው ነፋስ በበጋ ወራት አቧራውን አንስቶ ኪችን ውስጥ ይደፋል። ስለዚህ መስኮቱ አካባቢ እጅ የማይገባበት ስንጥቅ መተው የለበትም።

ቀሪዎቹን ባጭሩ ላንሳቸው። መስኮቱ እንዴት ነው የሚከፈተው? ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ ወይስ ተንሸራታች ነው? ከካውንተሩ ሥር ምን ይገባል? የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙውን ጊዜ 85 ሴንቲ ቁመት አለው፤ 70 ሴንቲ ካውንተር ሥር አይገባም። ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይስ የኪራይ? ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ መልሶ ማስተካከል ይቻላል?

አንድ ነገር ግን ለምርጫ አይቀርብም። የጋዝ ምድጃውን መስኮት ሥር አታድርጉት። ነፋስ እሳቱን ያጠፋዋል፣ ጋዙ ግን መውጣቱን ይቀጥላል። መጋረጃም እሳት ላይ ይወድቃል። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ለወለል ነው የሚተኛው። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ካቢኔ ከታች አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው።

አንደኛው መንገድ፦ መስኮቱን ማሳጠር

የመስኮቱ የታችኛው ክፍል በብሎኬት ይዘጋል። ደፉ 1 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ አጠር ያለ አዲስ መስኮት ይገጠማል። ካውንተሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል።

ሲያልቅ የሚያምረው ይሄ ነው። ማጠቢያውንም የትም ማድረግ ትችላላችሁ። ግን ከአራቱ ሁሉ ውዱ ነው። ፍርግርጉ ይነቀላል። መስኮቱ እንደገና ይሠራል። ልስኑ በውስጥም በውጭም ይታደሳል። ቀለሙ ደግሞ ከድሮው ጋር እምብዛም አይገጥምምና ብዙ ጊዜ ያ ግድግዳ በሙሉ ይቀባል። ብርሃኑም ይቀንሳል። 1 ሜትር ከ20 ቁመት የነበረውን መስኮት በ30 ሴንቲ ስታሳጥሩት ሩብ ብርሃን ሄደ ማለት ነው።

ይህን ከመረጣችሁ አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ግድግዳ ጋር እንዲያያዝ አድርጉ። ግንበኛው በየረድፉ የአሮጌውን ግድግዳ ጎን በስቶ አጫጭር ፌሮ ያስገባ። ልስኑ ከመመታቱ በፊትም መገጣጠሚያው ላይ መረብ ይደረግ። ካልሆነ አንድ ክረምት ሳያልፍ የድሮው መስኮት ቅርጽ ግድግዳው ላይ በስንጥቅ ተስሎ ታገኙታላችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የሕንፃውን የውጭ ገጽታ ከመንካታችሁ በፊት የጋራ ቤቱን ማኅበር አነጋግሩ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ካውንተሩን በመስኮቱ ፊት ማሳለፍ

መስኮቱ አይነካም። ካውንተሩ በመደበኛ ከፍታው በመስታወቱ ፊት አቋርጦ ያልፋል። ርካሽና ፈጣን ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። እኛም የጀመርነው በዚሁ ነበር።

የሆነውን ልንገራችሁ። ጥቁር ግራናይት አሠራን። በድንጋዩና በመስታወቱ መሃል ሦስት ሴንቲ ያህል ክፍተት ተተወ፤ መስኮቱ እንዲንሸራተት ተብሎ። መጀመሪያ የወደቀችው አንዲት የሻይ ማንኪያ ናት። በሽቦ አወጣናት። ከዚያ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ምስር፣ የዳቦ ፍርፋሪ። ጥርና የካቲት ሲመጣ ነፋሱ አቧራውን በዚያች ክፍተት ሞላት። እጅ አይገባም፣ መጥረጊያ አይገባም። በሦስተኛው ወር በረሮ ከዚያ እየወጣ ማታ ማታ ካውንተሩ ላይ ይሄድ ጀመር። ከደጅ ለሚያይ ደግሞ በመስታወቱ ታችኛ ክፍል የካቢኔው ጀርባ፣ የቧንቧው ሸረሪት ድር፣ ሁሉም ይታይ ነበር። እንግዳ በዚያ በኩል ሲገባ አፍር ነበር።

ይህ መንገድ በደንብ ከተሠራ ግን አይጣልም። መፍትሔው ክፍተቱን ማጥበብ ሳይሆን መስኮቱን ለሁለት መክፈል ነው። አሉሚኒየም ሠሪው ካውንተሩ በሚደርስበት ቁመት ላይ ፍሬሙን በአግድም ይከፍለዋል። የታችኛው የማይከፈት ይሆናል። የላይኛው እንደልቡ ይከፈታል። ካውንተሩ ከአግድሙ ፍሬም ጋር ገጥሞ በሲሊኮን ይዘጋል። ከታች ያለው መስታወት ላይ ነጭ ስቲከር ይለጠፋል፤ ወይም መስታወቱ በአሉሚኒየም ሉህ ይተካል። ጥቁር ስቲከር አታስለጥፉ። ፀሐይ ሲመታው መስታወቱን ከልክ በላይ ያግለዋል፤ ሊሰነጥቀውም ይችላል።

መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ግን ይህን መንገድ እርሱት። መስኮቱ ካልተቀየረ በቀር ካውንተሩና ቧንቧው ይዘጉታል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ፣ በተለይ ፎቅ ላይ፣ ካውንተሩ መሰላል እንደሚሆን አስቡ። ፍርግርግ ሳይኖር አትሥሩት።

ሦስተኛው መንገድ፦ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ዝቅ ማድረግ

ካውንተሩ ከግራና ከቀኝ በ88 ሴንቲ ይመጣል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወደ ደፉ ከፍታ ይወርዳል። ድንጋዩም ወደ ግድግዳው ውፍረት ውስጥ ገብቶ ራሱ የመስኮት ደፍ ይሆናል።

እኔ ለብዙ ቤት የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቴ መልኩ አይደለም። ቅድም ያልኩት ነገር ነው፤ መክተፊያና ማቡኪያ አንድ ከፍታ አይደሉም።

እናቴ ሊጥ የምታቦካው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ባልዲውን በጉልበቶቿ መሃል አድርጋ። የመጀመሪያው ካውንተር ሲገጠም ባልዲውን እላዩ ላይ አስቀምጣ ለማቡካት ሞከረች። ባልዲው ራሱ ከፍታ አለው። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ተሰቀለ። በማግስቱ ባልዲውን አውርዳ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች፤ ከወገቧ ሕመም ጋር። አሁን ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ቆማ ታቦካለች። እጇ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዱቄቱን በግራ እጇ ትጨምራለች፣ በቀኟ ታሻለች፣ ፊቷ ላይ ደግሞ የጠዋት ብርሃን አለ። ሲደክማት ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ከ68 እስከ 75 ሴንቲ ማለት የምግብ ጠረጴዛ ከፍታ ነውና ተቀምጦም ይሠራበታል። ሥሩን ካቢኔ ካልሞላችሁት እግርም ይገባል።

ምጣድም እንደዚያው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነአካሉ ሲቀመጥ ከፍ ይላል። 90 ካውንተር ላይ ሲሆን አጭር ሰው እንጀራውን በሰፌድ ለማውጣት ክንዱን ማንሳት አለበት፣ እንፋሎቱም ፊት ላይ ይመጣል። ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ሲሆን ይመቻል፣ እንፋሎቱም በመስኮቱ በቀጥታ ይወጣል። መጋረጃውን ግን አንሱት። የምጣዱን መስመርም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ለብቻው ይዘርጋው፤ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል።

ይህ መንገድ የሚጠይቃቸው ጥንቃቄዎች አሉ። ዝቅ ያለው ክፍል ቢያንስ 90 ሴንቲ ስፋት ይኑረው። ከዚያ ካነሰ ዕቃ መከማቻ ይሆናል እንጂ አይሠራበትም። ማጠቢያ ሲንክ እዚያ አታድርጉ። የሲንኩ ወለል ከካውንተሩ ሌላ 18 ወይም 20 ሴንቲ ስለሚወርድ ሰሃን ስታጥቡ ወገባችሁ ይታጠፋል። ምድጃውንም ከደረጃው ጠርዝ አርቁት። በመሃላቸው 40 ሴንቲ ያህል ቦታ ካልኖረ የድስት እጀታ ከጠርዙ ወደ ታች ይንጠለጠላል።

ውኃም አለ። ድንጋዩ ከመስኮቱ ፍሬም በታች አንድ ሴንቲ ያህል ዝቅ ይበል፤ የካውንተሩ ውኃ ፍሬሙ ውስጥ እንዳይገባ። የውጭው ደፍ ደግሞ ወደ ደጅ ያዘቅዝቅ። ተንሸራታች አሉሚኒየም መስኮት ከሐዲዱ ሥር በውጭ በኩል ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት። ለሳኙ ወይም ሲሊኮን የሚቀባው ሰው እንዳይደፍናቸው አጠገቡ ቁሙ። ከተደፈኑ የሐምሌ ዝናብ ሐዲዱን ሞልቶ ወደ ሊጣችሁ ነው የሚፈሰው።

አራተኛው መንገድ፦ መስኮቱን ለቆ መተው

ካውንተሩ በግራና በቀኝ ይቆማል፤ መስኮቱ ሥር ባዶ ይሆናል። እዚያ ጠረጴዛ ታስገባላችሁ። ወይም በማጠፊያ ግድግዳው ላይ የሚታሰር፣ ሲፈለግ የሚነሳ ጣውላ ታሠራላችሁ። ርካሹ ይህ ነው። ለተከራይ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ስትለቁ ጠረጴዛችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጉድለቱ የሥራ ቦታ መቆራረጡ ነው። ጠባብ ኪችን ውስጥ ይህ ይከብዳል።

በአንድ ዓይን ሲታዩ

| መንገድ | ወጪ | ብርሃንና አየር | አቧራና ጽዳት | ለሥራ ምቾት | መልሶ ማስተካከል |
|---|---|---|---|---|---|
| መስኮቱን ማሳጠር | ከሁሉም ከፍተኛ | ይቀንሳል | በጣም ቀላል | ለመክተፍና ለማጠብ ጥሩ፣ ለማቡካት ከፍ ይላል | አይቻልም ማለት ይቻላል |
| በፊቱ ማሳለፍ፣ ክፍተት ትቶ | ዝቅተኛ | ከታች ይሸፈናል | በጣም መጥፎ | እንደ ላይኛው | ይቻላል |
| በፊቱ ማሳለፍ፣ ፍሬሙን ከፍሎ | መካከለኛ | ከታች ይሸፈናል | ጥሩ | እንደ ላይኛው | ይቻላል |
| ዝቅ ማድረግ | ከመደበኛ ካውንተር ትንሽ ከፍ ያለ | ምንም አይቀንስም | ጥሩ፣ ጠርዙ በደንብ ከተዘጋ | ሁለት ከፍታ ይሰጣል | በከፊል |
| ለቆ መተው | ከሁሉም ዝቅተኛ | ምንም አይቀንስም | ቀላል፣ ጠረጴዛው ይነሳል | የተቆራረጠ | ሙሉ በሙሉ |

አሁን ወደ ድንጋዩ

መስኮት አጠገብ ያለ ካውንተር ከሌላው የበለጠ ፈተና አለበት። ፀሐይ ያገኘዋል፣ ዝናብ ይረጨዋል፣ አቧራ ይፈጨዋል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች። ስለዚህ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዩ መስኮቶች ያን ያህል አይቸገሩም። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩት ግን ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይዋን በቁመታቸው ይቀበላሉ። ዝቅ ያለ መስኮት ከሆነ ደግሞ ጨረሩ ካውንተሩን አልፎ ወለል ድረስ ይገባል። መስኮታችሁ ወዴት እንደሚያይ ሳታውቁ ቀለም አትምረጡ።

ግራናይት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሎሚ አይበላውም፣ ትኩስ ድስት አያስደነግጠውም፣ አቧራ ቶሎ አይቧጭረውም። ግን ከባድ ነው። 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል። 60 ሴንቲ ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ 65 ኪሎ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ቀጭን ቺፑድ ብቻ አትተማመኑ። የብሎኬት ግድግዳ ወይም የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ፍሬም ይኑረው። ምዕራብ ለሚያይ መስኮት ጥቁሩን ተዉት። ከሰዓት በኋላ ክንድ ማሳረፍ እስኪያስቸግር ይግላል። ግራጫው ይሻላል፤ አቧራም አያጋልጥም።

እምነ በረድ መልኩ ያምራል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው ነጩ በተለይ ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ያደበዝዙታል። እርድና በርበሬም ከዘይት ጋር ሲሆኑ ይገቡበታል። ለሳሎን መስኮት ደፍ እንጂ ለወጥ ቤት ካውንተር አልመክረውም። ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩዋችሁ ድንጋይ ግራናይት መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ቁራጭ ለምኑና ቤት ሄዳችሁ ሎሚ ጠብ አድርጉበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥረጉት። የደበዘዘ ምልክት ከቀረ እምነ በረድ ነው።

ኳርትዝ የሚባለው ፋብሪካ የሠራው ድንጋይ ለጽዳት ግሩም ነው። ነገር ግን የድንጋዩ ዱቄት የተያያዘው በሙጫ ነው። ያ ሙጫ የማያቋርጥ ፀሐይ ሲመታው ነጩ ቢጫ ይላል፤ ትኩስ ድስትም ያበላሸዋል። ስለዚህ ለሌላ ግድግዳ ይሁን እንጂ ለዚህ መስኮት አይሁን።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ምን ያድርግ? አርማታ ሞልቶ ሴራሚክ ያልብሰው። ይህ እንደ ድሃ ምርጫ ሲታይ አዝናለሁ፤ በደንብ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ነው። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ውፍረት ያለው አርማታ በፌሮ ይሞላ። ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ በኛ ሙቀትና ነፋስ አርማታ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃልና ላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ከዚያ ባለ 60 በ60 ፖርሴሊን ምረጡ። የካውንተሩ ስፋት 60 ስለሆነ አንዱ ሴራሚክ ከፊት እስከ ኋላ ይሸፍናል። በርዝመቱ የሚሄድ መገጣጠሚያ አይኖርም፤ ቆሻሻ የሚይዘው ደግሞ መገጣጠሚያው ነው። መስኮቱ ውስጥ የሚገባውን ትርፍ ክፍል በተቆራረጠ ቁራጭ ከመሙላት በአንድ ወጥ ቁራጭ ሙሉት።

ቴራዞ (የድንጋይ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተያይዞ የሚለሰልሰው) ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶ ስላለበት ግን እሱንም አሲድ ይጎዳዋል። ላሚኔት የለበሰ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ሁለቱም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠሩ ናቸው) መስኮት ሥር አታድርጉ። ዝናብ ጠርዙ ላይ አንዴ ከገባ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ መድኃኒት የለውም። ዋንዛ ጣውላ ግን ለአራተኛው መንገድ፣ ለሚነሳው ጠረጴዛ፣ ደስ ይላል። በየጊዜው ዘይት አጠጡት፤ ዝናብ ሲመጣ ከመስኮቱ አርቁት።

ለማን የቱ ይሻላል?

ተከራይ ከሆናችሁ አራተኛውን ያዙ፤ ገንዘባችሁን ለሰው ቤት ግድግዳ አታውጡ።

አሮጌ የራሳችሁ ቤት ካላችሁና እንጀራ ቤት ውስጥ የሚጋገር ከሆነ ሦስተኛውን ሥሩ። በዕድሜ የገፋ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ምንም አታመንቱ። በጀቱ ካጠረ አርማታና ፖርሴሊን፣ ካልሆነ ግራጫ ግራናይት።

ኪችኑ በጣም ጠባብ ሆኖ ሲንኩ መስኮቱ ሥር ካልሆነ ሌላ ቦታ ከሌለው፣ ፍሬሙን ከፍላችሁ ሁለተኛውን ሥሩ። ቧንቧውን በመስኮቱ ፊት ሳይሆን በሲንኩ ጎን አስገጥሙት። ፊት ለፊት ከቆመ መስኮቱን መክፈትም መወልወልም ያስቸግራል።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን መስኮቱ ሥር ካልገባ ሌላ ቦታ የሌለው ሰውም ሁለተኛው ነው ያለው። ማሽን ለማያስገባና ደፉ 80 ሴንቲ አካባቢ ለሆነለት ሰው ግን ሌላ መላ አለ። ከ80 እና ከ85 መሃል ያለው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ካውንተሩን በሙሉ በ80 መሥራት ይቻላል። አጭር ቁመት ላለው ቤተሰብ ይህ እንዲያውም የተሻለ ነው።

መስኮቱ አርጅቶ፣ ብረቱ ዝጎ፣ ለማንኛውም ሊቀየር ከሆነ አንደኛውን አስቡት። የመስኮቱ ወጪ የማይቀር ስለሆነ ተጨማሪው ብሎኬትና ልስኑ ብቻ ነው። አዲስ ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ፕላኑን አውጡና የኪችኑን መስኮት ደፍ ተመልከቱ። ከተጠናቀቀው ወለል 1 ሜትር ከ5 እስከ 1 ሜትር ከ10 ይሁን። ወረቀት ላይ ማስተካከል ምንም አያስከፍልም።

ድንጋዩን ከማዘዛችሁ በፊት

የኛ ሁለተኛው ስህተት እዚህ ላይ ነው የተፈጠረው። ሦስተኛውን መንገድ መርጠን ነበር። ለካነው፣ ድንጋዩ ተቆርጦ መጣ። ወደ መስኮቱ ውስጥ የሚገባው ጥግ ሹል ሆኖ በማዕዘን ተቆርጦ ነበር። ሁለት ሰው ተሸክሞ ሲያስገባው ከዚያችው ጥግ ተነስቶ ቀጭን መስመር ታየ። ሲያሳርፉት ለሁለት ተከፈለ። የውስጥ ጥግ ሹል ከሆነ ክብደቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ቆራጩ የውስጥ ጥጎቹን ክብ እንዲያደርጋቸው ንገሩት። ያንን ከማድረግም ካውንተሩንና የመስኮቱን ደፍ ሁለት ቁራጭ አድርጎ በሲሊኮን ማገናኘት ይቀላል። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው እሱን ነው።

ወለሉ ላይ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ ግድግዳው ሳይለሰን አትለኩ። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ቀጥ አይልም፤ ማዕዘኑም እውነተኛ ማዕዘን አይደለም። ለመፈተሽ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ፣ በሌላው 80 ሴንቲ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለው ርቀት 1 ሜትር ካልሆነ ማዕዘኑ የተዛባ ነው። እንዲህ ከሆነ ሜትር ብቻ አይበቃም። የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ፈልጉ። መስኮቱ ውስጥ ገብቶ ልክክ እስኪል ድረስ በመቀስ እየቀነሳችሁ ቁረጡት። ላዩ ላይ "ይህ የላይኛው ነው" ብላችሁ ጻፉበት፤ ተገልብጦ ከተቆረጠ ግራው ቀኝ ይሆናል። ካርቶኑን ለቆራጩ ስጡት።

ዋጋ ስትጠይቁም በሜትር ወይም በካሬ የሚነግሯችሁን ብቻ አትያዙ። የሲንክ ቀዳዳ፣ የጠርዝ ማለስለስ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ማጓጓዣው፣ ገጣሚው፣ ሲሊኮኑ፣ ይህ ሁሉ ለየብቻ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ላይ ደምረው በወረቀት ይጻፉላችሁ። መንገድ ላይ ቢሰበር የማን ኪሳራ እንደሆነም እዚያው ላይ ይስፈር።

ድንጋዩ የገባ ቀን ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ውኃ አታስነኩት። ለ24 ሰዓት መስኮቱን ዝጉ። ነፋሱ ከተነሳ እርጥብ ሲሊኮን ላይ አቧራው ተጣብቆ ይቀራል፤ እንደገና ሳይፋቅም አይለቅም።